የቅቤ ተራው ጥላ

ዳንግላ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ሹሙ "አገርህ የት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "እዚሁ ዳንግላ" አልኳቸው። ጨርሶ ውሸት አይባልም፤ ከተማዋ ውስጥ ስምንት ዓመት ተምሬአለሁ። የተወለድኩት ግን በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ የገጠር መንደር ነው፤ አፌን የፈታሁትም በአገውኛ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። ቢሮ ውስጥ የባላገሩን አማርኛ እያስመሰሉ መሳቅ የዘወትር ጨዋታ ነበር። እኔም ከሁሉም አስበልጬ አስመስል ነበር። መቼም ከእኔ የተሻለ ማን ያውቀዋል!

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጠላት ወረራ ወዲህ ደብዝዛ የቆየችው ከተማ ነፍስ መዝራት ጀምራለች። መንገዱ ተጠግኖ የጭነት መኪና በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየመጣ ኑግና በርበሬ፣ ማርና ቆዳ ጭኖ ይሄዳል። ነጋዴዎቹ የሱቃቸውን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ለወጡ። ሹሙም በዚህ ተበረታተው ለነዋሪው የበልግ ፕሮግራም አወጡ፤ ቦይ መጥረግ፣ ምንጭ ማጽዳት፣ ለጎልማሶች የእሑድ ትምህርት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገበያው ከጥንት ከሚቆምበት ዋርካ ሥር ተነስቶ መኪና መንገዱ ዳር ወዳለው ሜዳ እንዲዛወር ተወሰነ። ሁላችንም ደስ አለን። እኔማ ከተማዋን ራሴ የሠራኋት ይመስል ጫማዬን በቀን ሁለት ጊዜ እወለውል ነበር።

አዋጁን የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። በአዲሱ ገበያ ቦታ የሚፈልግ ሁሉ የሁዳዴ ጾም ሳይጋመስ ይመዝገብ፤ በተሰጠው ቦታ አራት ቋሚ ተክሎ ዳስ ይጣል፤ ያልተመዘገበ ቦታ የለውም ይላል። ሦስት ቅዳሜ ድንጋይ ላይ ቆሜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሹሙ ወደ እኛ ዞረው፣ "ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ባላገር ይሰማዋል? በአገውኛ የሚደግምልን ከመካከላችሁ አለ?" አሉ። አንገቴን ደፍቼ ወረቀቴን አየሁ። የራሴን ጽሑፍ እንደ አዲስ አነበብኩት። በንግድ ሥራቸው አገውኛ የለመዱ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ደጋገሙት። ይሁን እንጂ ከጨርቅ ተራ አላለፈም። ቅቤ ተራ ሩቅ ነበር።

ቅቤ ተራ፣ ዋርካው ግንድ ሥር፣ አንዲት የመንደራችን ሴት ይቀመጡ ነበር። እናቴ ቀድማ ሞታ ስለነበር፣ ለትምህርት ከመንደር የወጣሁ ዕለት ራሴን በለጋ ቅቤ የቀቡኝ እሳቸው ናቸው። ተማሪ ሳለሁም ቅዳሜ ቅዳሜ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ያቀብሉኝ ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ በዚያ ተራ ማለፍ ተውኩ። ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ አይበላም፤ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ሁሉ ለፋሲካ የሚሸጠው ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ባላቸው የሞተባቸው እኚህ ሴት የክረምቱን እህል የሚሸምቱት በዚያች ቀን ሽያጭ ነበር። ቅቤ ደግሞ ያለ ጥላ ግማሽ ቀን አይቆይም።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ዋርካው ሥር ለችግኝ ታጥሯል። እኔ መዝገቤን ይዤ፣ ሹሙ አጠገቤ ቆመው፣ አዲሱን ገበያ እናያለን። ሴትዮዋ ሁለት ትልልቅ ቅል በጀርባቸው አዝለው ዘበኛው ከአጥሩ ሲመልሳቸው አየሁ። ዞር ዞር ብለው ሲያዩ እኔን አገኙ። ፊታቸው በራ። ቀጥ ብለው መጡና በአገውኛ፣ "ልጄ፣ ተመስገን አንተን አገኘሁ! ቦታዬን አጠሩብኝ እኮ፤ የት ልቀመጥ?" አሉኝ።

ሹሙ ፊቴን አዩ።

"እማማ፣ በአማርኛ ይናገሩ፤ አገውኛ አልሰማም" አልኳቸው።

ዓይናቸው ከጫማዬ ተነስቶ እስከ ራሴ ሄደ። ከዚያ በምታውቋት የባላገር አማርኛ፣ እኔ ቢሮ ውስጥ በማስቅባት በዚያችው፣ "ይቅርታ ጌታዬ። የማውቀው ልጅ መስለውኝ ነው" አሉና እጅ ነስተው ሄዱ።

ከሜዳው ጫፍ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። መዝገቤ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃኝ ነበር፤ ባለቤቱ ያልመጣ ባዶ ዳስም ነበር። ነገር ግን ስማቸውን ሳልጠይቅ ብጽፍ ማወቄ ይታወቃል፤ እንዳልጠይቃቸው ደግሞ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። እንዲህ እያልኩ ስሟገት ቀኑ ሰባት ሰዓት ሆነ። ቅቤው ቀለጠ። ገዢው በጣቱ እየነካ ያልፋል። ወደ ማታ ላይ የፈሰሰውን በመዳፋቸው እየጠረጉ የራሳቸውን ፀጉር ሲቀቡ አየሁ። ያ እጅ ራሴ ላይ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ትዝ አለኝና ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያኔ እንኳ የፈራሁት ሰው እንዳያየኝ ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የጎልማሶቹ ትምህርት ተጀመረ። አስተማሪው እኔ። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ሞላ፤ ሴትዮዋም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱን ለምን መማር እንደፈለገ ጠየቅሁ። አንዱ ዳዊት ለመድገም አለ፤ ሌላው ከወታደር ልጁ የሚመጣለትን ደብዳቤ ለማንበብ። እሳቸው ተራቸው ሲደርስ ተነስተው፣ "ሌላ አዋጅ ሲመጣ እንድሰማ ነው፣ ጌታዬ" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ነበርና ለማንሳት አጎነበስኩ።

በአምስተኛው እሑድ ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኋቸው። በሩን ገፋ አድርጌ፣ ለዓመታት ሳልናገረው በኖርኩት በአገውኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንዳወቅኋቸው፣ እንደካድኳቸው፣ ቅቤያቸውን ያቀለጥኩት እኔ እንደሆንኩ። ምላሴ እየተሳሰረ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ደብተራቸውን ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ሻጡና በአማርኛ መለሱልኝ።

"ጌታዬ፣ ይኼንኑ በአማርኛ ይንገሩኝ። እዚህ የመጣሁት ለእሱ ነው።"

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ደጃፉ ላይ ዘበኛው ቆሟል፤ ከእሱ ወዲያ ሹሙ ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ያወራሉ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። አፌን ከፈትኩ።

"ለሚመጣው እሑድ እስከ ‘ሰ’ ፊደል ድረስ ያጥኑ" አልኳቸው።

"እሺ ጌታዬ" አሉ።