በሚካኤል ዝክር እምቢ ማለት

ኅዳር ፲፪፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ታሪፉ አምስት ብር ነው፤ የተጫነው ሰው ግን የወንበሩ እጥፍ ነበር። የምሄደው ወደ አያ ውበቱ ነው። በጤና ጣቢያችን የስኳር በሽታ ክትትል የማደርግላቸው ገበሬ ናቸው። የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ቆስላለች፤ ሐኪሙም ስኳሩ ካልወረደ ትቆረጣለች ብሏቸዋል። ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ እግራቸውን ማታ ማታ ያያሉ። ብቻ ከማኅበር በተመለሱ ቁጥር ስኳራቸው ሽቅብ ይወጣል። «ጠላውን እምቢ ይበሉ» እላቸዋለሁ፤ «እሺ ልጄ» ይላሉ፤ ግን ያው ነው። ዛሬ ጎረቤታቸው ቤት ዝክር ስላለ በዓይኔ ልየው ብዬ ተነሣሁ።

ማንኩሳ፣ ሁለት ሰዓት

የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ በሚካኤል ምክንያት ስለቀረ መንገዱ በነጭ ጋቢ ሞልቷል። ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ነው። በየደጃፉ በርበሬ ለፀሐይ ተሰጥቶ ስለነበር እያስነጠሰኝ ሄድኩ።

ዝክሩ ቤት፣ አምስት ሰዓት

ገና ሳልቀመጥ ዋንጫ ጠላ ቀረበልኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ አልጠጣም አልኩ። የቤቱ እመቤት ከፊቴ ቆመው «ኧረ በሚካኤል፣ ዶክተር» አሉ። ነርስ መሆኔን ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጠጣሁ። ሁለተኛው «በሞቴ» ነበር፤ ሦስተኛው በምን እንደሆነ አላስታውስም።

አያ ውበቱ ከጎኔ ሆነው ይስቃሉ። «ምነው፣ እምቢ በል እንጂ ልጄ» አሉኝ።

አፈርኩ። እኔ ራሴ የማልችለውን ነገር ነበር ለካ ሳዝዛቸው የኖርኩት።

«እንግዲያ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እዚህ ቤት ሳይጠጣ የሚውል ማን ነው?» አልኳቸው።

ዙሪያውን አዩ። «ቀጂው ነዋ» አሉ። «እሱ ከመዳፉ ቀምሶ ያልፋል። ማን ፋታ ሰጥቶት።»

ተነሥተው ከቀጂው እጅ ጆጉን ተቀበሉ። ቤቱ ተንጫጫ፤ ሽማግሌ ጠላ ሲቀዳ ነውር ነው። «ይቀመጡ እንጂ» ሲሏቸው «ዛሬ የሚካኤል አሽከር እኔ ነኝ» አሉ። ቀጂውም ቦታውን ለቀቀላቸው። እኔ ስለ እግራቸው ሰግቼ ከጋኑ አጠገብ በርጩማ አኖርኩላቸው። ዋንጫው ሁሉ ወደ እሳቸው እየመጣ ተቀምጠው ሲቀዱ ዋሉ፤ የጠጡት አንድ እፍኝ ቢሆን ነው።

ፍኖተ ሰላም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት

ባለቤቴ ራት አቀረበች። ጠግቤያለሁ ብል «በሞቴ» አለችኝ፤ በላሁ። ከዚያ ማስታወሻዬን አውጥቼ «እምቢ እንዲሉ ተመክረዋል» የሚለውን ሰረዝኩና «መላውን ከራሳቸው መጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ።

ጤና ጣቢያ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ

በየማኅበሩ ቀጂ ሆነው የከረሙት አያ ውበቱ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ቁስሉ ደርቋል።

«እይልኝ» አሉ፤ «ትንሿ ከነእህቶቿ መጣች።»