በገዋኔ መንገድ የጠፋሁ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ጥጥ በሚለቀምበት ወራት ነው። በየቤታችሁ የሚያረጅ ሰው አይጠፋምና ልጽፈው ወደድኩ።

በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ስቆርጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ሞታለች። የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ቢያርርም የሚቆጣኝ የለም። አንድ ልጄ ግርማ ገዋኔ አጠገብ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ነው። «ብቻዎን አይሁኑ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ» ባለኝ ቁጥር «እግሬ ገና አልሰነፈም» እያልኩ እመልሰው ነበር።

ጣጣው የመጣው ከአዲስ አበባ በመጣ አንድ ተማሪ ነው። የአረጋውያንን አእምሮ ያጠናል ተባለ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ብቸኝነቴ፣ ማርጀት ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩለት። ከዚያ ጥቂት ቃላት ነገረኝና በሌላ ጨዋታ ወሰደኝ። ቆይቶ «እስቲ ቅድም ያልኩዎትን ይድገሙልኝ» አለ። ግመል አልኩ፣ ሎሚ አልኩ፣ መርፌ አልኩ። አንዷ ቃል ጠፋችብኝ። ጣሪያውን ባይ፣ ጢሜን ባሽ አልመጣ አለች።

«ግድ የለም አባቴ፤ ድልድይ ነበረች» አለኝ።

ድልድይ! ባቡር ሲያልፍበት እየሰማሁ ያረጀሁበትን!

እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴ የሞተው ጃጅቶ ነው። መጀመሪያ የበሬውን ስም ረሳ፣ ቀጥሎ የእኔን። ከቤት እየወጣ ገደል አፋፍ ላይ መገኘት ሲጀምር ዘመድ መክሮ ወገቡን በጠፍር ከምሰሶ ጋር አሰረው። ለክፋት አልነበረም፤ እንዳይሞት ብለው ነው። እሱ ግን በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ «ምን አደረግኳችሁ?» ይል ነበር።

ተማሪው ከሄደ በኋላ ራሴን መፈተን ጀመርኩ። የጎረቤት ልጆችን ስም እጠራለሁ፣ የባቡር ጣቢያዎቹን በተራ እደግማለሁ። በሞከርኩ ቁጥር ባሰብኝ። ወጡ ውስጥ ጨው ደገምኩ። ቁልፌን በእጄ ይዤ ቤቱን ሙሉ ፈለግሁት።

በዚህ መሐል ግርማ ልጅ ተወልዶለት ለክርስትና ጠራኝ። ጥጥ ሊጭን ባዶውን በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ገዋኔ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ሲታገሉ እኔ ሽንቴ መጣ። ተሳፋሪ ሴቶች ስለነበሩ ራቅ ልበል ብዬ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባሁ። የጎዳኝ ይሉኝታ ነው፤ አንድ ግራር ሲበቃኝ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ጨመርኩ።

ዞር ስል መንገዱ የለም።

ተጣራሁ። ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ ይመልሱልኝ አይመልሱልኝ አላወቅሁም። ግራሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በየት እንደገባሁ ለማስታወስ ብሞክር ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም የለም። «በቃ፣ ጀመረኝ» አልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ያስፈራኝ አውሬው አይደለም፣ ጥማቱም አይደለም፤ ጠፍሩ ነው። ወገቤ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ወዴት እንደሆነ ሳላውቅ ሮጥኩ። ባርኔጣዬ እሾህ ላይ ቀረ፤ ተመልሼ አላነሣሁትም።

ተደናቅፌ ወደቅሁ። ቀና ስል አንድ አፋር ሽማግሌ ቆሞ ያየኛል፤ በወገቡ ጊሌ የሚሉት ጩቤ፣ በትከሻው ጠመንጃ። ልጅ ሳለሁ ስለዚያ ጩቤ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ብረሳው የሚሻለኝን ግን አልረሳሁም!

«ሰላም ዓለይኩም» ብሎ እጄን ያዘና አስነሣኝ። ከስልቻው ውኃ አጠጣኝ። ጥላ ሥር ወስዶ «ተቀመጥ» አለኝና እሱም ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ መንገዱ በየት ነው?» አልኩት።

«ቆይ። መጀመሪያ ዳጉ።»

አዋሽ የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። አፋር ከአፋር ሲገናኝ የቱንም ያህል ቢቸኩል ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል። ወሬውም በዚያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔንም ይጠይቀኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ከየት ተነሣህ? ምን አየህ?» አለኝ። አማርኛውን ፍየል ሊሸጥ ገበያ ሲወጣ የለመደው ነው።

«ምን አያለሁ! ጠፍቻለሁ እኮ!»

«ጠፋህ፣ አየሁ። ከመጥፋት በፊትስ?»

ከቤት ከወጣሁበት ጀመርኩ። የአዋሽ ባቡር ጡረተኛ እንደሆንኩ፣ ወደ ልጄ ወደ ጥጥ እርሻው ጸሐፊ እንደምሄድ፣ የጎረቤቴ ውሻ እስከ መኪናው እንደሸኘኝ ነገርኩት። ሾፌሩ ገና ስንነሣ ከረዳቱ ጋር በጎማው መጨቃጨቁን፣ ድልድዩን ስንሻገር ውኃው ደፍርሶ ማየቴን ነገርኩት። ድልድይ ስል ራሴው ደነገጥኩ፤ ማንም ሳያስታውሰኝ ነው የመጣችው። እሱ «እህ» እያለ ዓይኔን ያየኛል። ወደ ወንዙ የሚወርዱ ግመሎች እንዳየሁ፣ አንዷም እንደምታነክስ ስነግረው ቀና አለ።

«የቱ እግር?»

«የኋላ ግራ።»

«የት?»

«ከትልቁ ኩይሳ እልፍ ብሎ፣ ሁለት ልጆች ይነዷቸዋል።»

«የወንድሜ ናት። ጠፍታበት ይፈልጋል» አለና ፊቱ በራ። ከዚያ «ጎማው ሲፈነዳ አየሉ ተራራ በየት ነበር?» ሲለኝ፣ ሳላስብ «ተራራው ከፊታችን፣ በስተቀኝ» አልኩት።

አስነሥቶ ከቁጥቋጦው ወደ ገላጣው አወጣኝ። አየሉ ተራራ ቁጭ ብሏል። ለካ ስሮጥ የቆየሁት ለመንገዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ሽማግሌው መኪናው እስኪታየን ሸኝቶኝ ተመለሰ። ሾፌሩ «አባባ፣ ተዝካርዎን ልናወጣ ነበር!» ብሎ ጮኸብኝ። ጥላ አግኝቼ አረፍኩ ብዬ ሸመጠጥኩ። ግርማ ከሰማ ነገሬ አበቃ፤ አዋሽን ዳግመኛ ብቻዬን አላያትም ብዬ ነው።

ክርስትናው በተነሣ ማግስት ግርማ ከገዋኔ ገበያ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አባባ፣ ጠፍተው ነበር እንዴ?»

«ማን አለ?» አልኩ።

«ገበያው ሁሉ!» አለና አፋሮቹ ከእሾህ ላይ አግኝተው የሰጡትን ባርኔጣዬን ከዘንቢሉ ውስጥ አወጣ።

መካድ የማይቻል ሆነ። «ምን አሉ?» አልኩ። እጆቹን እያየሁ ነበር፤ የሚያስረኝ በእነሱ ነው ብዬ።

«የባቡር ሽማግሌ ጫካ ገብቶ መንገድ ጠፋው አሉ። በጣም ፈርቶ ነበር አሉ። የምታነክሰውን ግመል ግን እግሯን ሳይቀር ለይቶ ተናገረ፣ በጠቆመውም ቦታ ተገኘች።» ከዚያም «ሽማግሌው ልቡ ደህና ነው፤ የፈራ ሰው ነው አሉ» አለኝ።

አለቀስኩ። ልጄ ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ አባቴና ስለ ጠፍሩ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያም «ስማ ግርማ» አልኩት፤ «አንተን የማላውቅበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ አትሰረኝ። አጠገቤ ቁጭ በልና ከየት መጣህ፣ ምን አየህ በለኝ። የተናገርኩትን ያህል ስማኝ።»

ባርኔጣውን ራሴ ላይ አደረገልኝና «እሺ አባባ» አለ።

አሁንም አዋሽ ብቻዬን ነኝ። ተማሪው ተመልሶ መጥቶ ሌሎች ቃላት ነገረኝ፤ ዘንድሮም አንዷ አምልጣኛለች። ሲመሽ በሬን ዘግቼ ከጠዋት ጀምሮ ያየሁትን ለራሴ እናገራለሁ። አንዳንድ ቀን መሐሉ ይጠፋብኛል። ያኔ እፈራለሁ፤ በጣም እፈራለሁ። ልጄ «እሺ» ያለኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።