ወፍጮው የቆመበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ መጣ። የንባብ ክበብ ሊገባ ነውና አሳዳጊ ይፈርም ተብሏል። ስለ ንባብ ጥቅም ገጽ ሙሉ ተጽፎበታል። ፊደል እየቆጠርኩ ሳነበው መምህርት ጥሩነሽ ትዝ አለችኝ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አሰላ ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ የማስነሣው እኔ ነበርኩ፤ ቅንድቤ ሳይቀር ዱቄት የሆንኩ ጎረምሳ። እሷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪ የሚያነብበት ክፍል ከፈተች፤ ተማሪው ግን አልመጣ አለ። ቅዳሜ እኮ የወፍጮ ቀን ነው! ልጁ ሁሉ እህል ተሸክሞ እኔ ደጅ ነው የሚውለው። ዲሬክተሩም፣ "እስከ ፋሲካ ካልሞላ የወንበር መጋዘን አደርገዋለሁ" ብሏት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ፣ የጭላሎ ብርድ ገና ጆሮ በሚቆርጥበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣች።

"ወረፋ ሲጠብቁ ላስነብባቸው?"

"እትዬ፣ ይሄ ወፍጮ ቤት ነው። ንባቡን እዚያው ትምህርት ቤትዎ።"

ሄዳ አንድ ቁና ገብስ ይዛ ተመለሰችና ወረፋ ያዘች። አስተማሪ፣ ከነተረከዝ ጫማዋ፣ በአህያ መሀል! ሳቅኩባት።

እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ሲግል አጥፍቶ ማብረድ ደንብ ነው። ጸጥ ሲል መጽሐፍ አውጥታ ከፊቷ ለቆመችው ተማሪዋ፣ ለፋጡማ ሰጠቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ተንተባተበች፤ ኋላ ድምፅዋ ተከፈተ። በቅሎዋን ደራሽ ውሃ የወሰደባት መበለት ታሪክ ነው። ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። በዚህ መሀል የፋጡማ አባት ኦቦ ሁሴን፣ ዘገየች ብሎ ሊቆጣት አለንጋውን እንደያዘ ደረሰ። ልጁ ስታነብ ሰምቶ አያውቅም። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እሷም ስታየው ንባቡን አቋረጠች።

"ዱቢሲ!" አላት። "አንብቢ እንጂ! ከዚያስ? በቅሎዋስ?"

ሞተሩ ከበረደ ቆይቷል። እኔ ግን "ገና ነው" እላለሁ። የወፍጮው ባለቤት መጣ።

"ለምን ቆመ?"

"ግሏል፣ ጋሼ።"

እጁን አሳረፈበት። "ይሄ ነው የጋለው? አንተ ሰነፍ! ዛሬውኑ ትባረራለህ!"

ኦቦ ሁሴን በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ከጉያው አውጥቶ ይበላ ነበር። "ልጄ እስክትጨርስ ይግላል" አለው። "ይልቅ ና ተቀመጥ፣ ቅመስ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባለቤቱም ያንን ሁሉ ደንበኛ አየት አደረገና ጭኮውን ተቀበለ።

በቅሎዋ ከወንዙ ማዶ ስታናፋ ተሰማች የሚለው ላይ ሲደረስ መምህርቷ መጽሐፉን ዘጋች። "ቀሪው በሚመጣው ቅዳሜ፣ በትምህርት ቤት ነው።"

ጩኸት ሆነ! "ኧረ ይሄ ግፍ ነው!" ያሏትም አሉ። ፋጡማ አንዴ ጆንያዋን፣ አንዴ አባቷን ታያለች።

"እህሉን እኔ አመጣለሁ" አላት። "አንቺ ሂጂና ማታ ትነግሪኛለሽ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረፋውን የያዙት አባቶች ነበሩ፤ "ዛሬ አንተም ሴት ሆንክ?" እየተባባሉ ሲበሻሸቁ ዋሉ። ክፍሉ መጋዘን ሳይሆን ቀረ። ፋሲካ ሲደርስ ቦታ ጠፍቶ መስኮት ላይ የሚያነቡ ልጆች ነበሩ።

ወረቀቱን ፈረምኩ። የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ አልቃወምም። መምህርት ጥሩነሽ ግን ስለ ንባብ ጥቅም አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መጥታ ከሰው ጋር ወረፋ ቆመች እንጂ። እኔንም "ቅዳሜ ወፍጮው ሲበርድ ብቅ በል፣ ቦታ አለ" ብላኝ ነበር። ጎረምሳ ከሕፃን ጋር አግዳሚ ላይ አልቀመጥም ብዬ ቀረሁ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህችን ታሪክ ለመጻፍ አራት ቀን አይፈጅብኝም ነበር።