የሃረና ጫካ ስንት ሄክታር ነው?

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ሥራችንን ለማትረፍ ነው። አምስት ሆነን፣ በየከተማችን ተቀምጠን የሠራነው የስልክ መተግበሪያ የሃረናን የጫካ ቡና ለቃሚዎች ይመዘግባል። ማኅበራቸው ሁለት ጊዜ ሞክሮት አልሆነም። «ረቡዕም እምቢ ካለ ወደ ደብተራችን እንመለሳለን» ብለውናል፤ ያኔ አምስታችንም ሥራ ፈት ነን። የሥራ ክፍፍሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ኮድ የሚነካው የባሕር ዳሩ ዳዊት ብቻ፣ የሮቤዋ ሐሊማ ደግሞ ሞካሪ። ሐሊማን ከስክሪን ውጪ አይቻት አላውቅም።

ከዶዶላ በኋላ መንገዱ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሮች አቧራ ያስነሣሉ። ሮቤ ስደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ሐሊማ ላፕቶፗን አንግታ ሆቴሌ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አካም ቡልቴ፣ አለቃ? ጃኬትህ ይህች ብቻ ናት? ሳነቴ ላይ ታለቅሳለህ።»

ጎባ ላይ ሻይና ትኩስ ዳቦ ቀማመስንና ሽቅብ ወጣን። ሳነቴ አምባ ላይ እውነትም ዓይኔ ከብርዱ አነባ። አንዲት ቀይ ቀበሮ በጅብራ ተክሉ መሐል አይጥ ስታሳድድ አየሁ፤ ከእኔ ይልቅ ሞቋት ነበር።

ከቀኑ 6 ሰዓት

ለቃሚዎቹ ሃረና፣ የማኅበሩ መጋዘን በረንዳ ላይ ተሰብስበዋል። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሊቀመንበሩ ሐጂ ሁሴን ናቸው።

«ሐጂ፣ ማሳዎ ስንት ሄክታር ነው?» አልኳቸው ከስልኩ እያነበብኩ።

«የምን ማሳ? ቡናውን የተከለው ረቢ ነው፤ ፈጣሪ። የእኛ ቤት ድርሻ ከወንዙ እስከ ትልቁ ዝግባ ነው፤ አባቴም እዚያው ለቅሟል። ጫካን ማን በሄክታር ለካው?»

ቁጥር ካልገባ መተግበሪያው አያሳልፍም። ሰዎቹ መነሣት ጀመሩ።

«ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌልሃለሁ» አለችኝ ሐሊማ ቀስ ብላ።

እውነቷን ነው። «የሞካሪ ሥራ ብልሽት መፈለግ እንጂ ጥያቄ መምረጥ አይደለም» ብዬ ሦስቴም መልሼባታለሁ። በጣም አፈርኩ። ለዳዊት ልደውል ስል ኔትወርክ የለም።

«ኮዱ እኔ ጋ አለ፤ አስተካክለዋለሁ። አልተፈቀደልኝም እንጂ።»

«ፈቅጃለሁ! ምን እንደሚጠየቅም ከዛሬ ጀምሮ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

ሄክታሩን አጥፍታ «ከየት» እና «እስከ የት» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ተካችና ከላፕቶፗ በገመድ ስልኩ ላይ ጫነችው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እኔ እስከዚያው ሰዎቹ እንዳይሄዱ ስለማመጥ ነበር።

ሐጂ ሁሴን ወንዛቸውንና ዝግባቸውን አስሞሉ። አለፈ! «ገለቶሚ፣ ኢንተለ ኮ» ብለው መረቋት፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። እስከ አሥር ሰዓት አንድም ያልተመዘገበ ሰው አልቀረም። ከደስታዬ ብዛት ያገኘሁትን ሁሉ ስጨብጥ ዋልኩ።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ማኅበሩ መተግበሪያውን ተቀብሏል። እኔ ግን ሥራ ያከፋፈልኩት የትምህርት ማስረጃ እያየሁ ነበር፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚያውቅ ከግምት አላስገባሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። አዲሱን ክፍፍል ቤቴ ገብቼ ጻፍኩና ለአራቱም ላክኩላቸው፦ ሐሊማን ከላይ፣ ዳዊትን ከእሷ ጋር፣ በሞካሪ ቦታ ራሴን።

ሐሊማ አንብባ «አንድ ሰው ጎድሏል» አለችና ከሁላችንም በላይ ጨመረች፦ ሐጂ ሁሴን፣ ጥያቄ አጽዳቂ።

ማንም አልተቃወመም። አሁን ስድስት ነን።