ያልተለመነው ሊቅ

ወረታ ከተማ፣ የሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ፣ አንድ ሰው ተራ በሚጠብቁ ገበሬዎች መካከል ቆሞ ያስተምራል። ማንም አስተምረን አላለውም። የሚያስፈለፍለው ጆንያም የለውም። ኮቱ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ይመስላል።

«ይህ ከካርቦን የተሠራ ነው» ይላል፣ አንዲት የሩዝ ፍሬ በጣቶቹ ይዞ። «እናንተም እንዲሁ። ሆድ ሩዙን ስኳር ያደርገዋል፤ ሰውነት ስኳሩን እንደ ኩበት ያነደዋል። ማገዶው ሲያልቅ መጀመሪያ ስቡን፣ ቀጥሎ የገዛ ሥጋውን ያነዳል።»

«ሲተርፍስ?» አሉ ከቁሐር ሚካኤል የመጡት አያ ወገኔ።

«ስብ ሆኖ ይከማቻል። እናንተ ስትበሉ ታበዙታላችሁ።»

አያ ወገኔ የምሳ ቋጠሯቸውን ፈቱ። «መምህር፣ ይምጡ እንብላ።»

«ተመስገን፣ ጠግቤያለሁ» አለ፤ እንደ ወጉ «በሞቴ» እስኪሉት እየጠበቀ። ነገር ግን ትርፍ እንደማይጠቅም አሁን ያስተማራቸው ራሱ ነው፤ ተማሪዎቹም ጎበዞች ናቸው። ማንም ደግሞ አልለመነውም።

እሱም ምራቁን ውጦ ስብ እንዴት እንደሚነድ ማስረዳቱን ቀጠለ። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱት ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ግን ትምህርቱን ቀድመውት ጨርሰዋል።