«ጎበዝ እናት» ብሎ ሸኘኝ

ዛሬ ከአቀስታ መካነ ሰላም ድረስ ሄጄ ስለ ምድር ስበት ያሰብኩትን የነገርኩት የፊዚክስ መምህር፣ ሳልጨርስ ስልኩን አውጥቶ «እማማ፣ አንድ ፎቶ እንነሳ» አለኝ።

ሐሳቤ አጭር ነው። ምድር አትስበንም፤ ከላይ ያለው ጠፈር ነው ወደ ታች የሚገፋን። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ፣ እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

«ትክክል ነው ስህተት?» አልኩት።

«በዚህ ዕድሜዎ ማሰብዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው!»

«ዕድሜዬን አልጠየቅኩህም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«እሱማ ብዙ ሒሳብ ይፈልጋል። ጎበዝ እናት ነዎት!» ብሎ እስከ በር ሸኘኝ። ከግቢው ሳልወጣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። ፎቶው ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ሟቹ ባለቤቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ሲመጣ «እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ብለው ይመልሱታል። ተማሪው ያኮርፋል፤ በማግስቱ ግን የተሻለ ይዞ ይመጣል። የፊዚክሱ መምህር ግን እኔን ለእርማት እንኳ የምበቃ ሰው አድርጎ አልቆጠረኝም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኛብኝ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። የሚገፋን ከላይ ከሆነ፣ ጣሪያ ሥር የተቀመጠው ይህ ሰውዬ ለምን አልቀለለኝም? ይህን ሊጠይቀኝ የሚገባው መምህሩ ነበር።

እናንተስ፣ ሐሳብ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሙገሳ ብቻ ተሸክማችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። ፊዚክስ የምታውቁ ደግሞ የጣሪያውን ነገር መልሱልኝ።

«ጎበዝ እናት» የሚል አስተያየት ግን እሰርዛለሁ።