አልሞተም ያልኩት ሰውዬ

ልጆች ሳለን ነቀምቴ ውስጥ የጀብዱ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። ተንኮሉ! መጽሐፉ በዚያው እንዳይቀርበት የመጨረሻዎቹን ገጾች ገንጥሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። አንብቦ ለመለሰ ብቻ ያወጣለታል፤ ፍጻሜው እዚያው ቆሞ ነው የሚነበበው። እኔ ቆሜ አነብና ቤት ስደርስ ለታናሽ ወንድሜ እተርክለታለሁ።

አንድ ቀን ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ የምንከተለው ጀግና ሞተ። ስንቱን ወንበዴ ያንበረከከ ሰው፣ ድልድይ ላይ፣ በአንዲት ጥይት! ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "እትዬ፣ ተረፈ?" አለኝ። አንጀቴ አልቻለም። "ተነሳ እንጂ! እሱ ይሞታል እንዴ?" አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ዛሬ ወንድሜ አይሱዙ ይነዳል። ጭነት እስኪሞላለት በስልኩ ተከታታይ ፊልም ያያል። የዘንድሮ ጀግኖች ደግሞ ጉድ ናቸው! የእኛው ቢያንስ ይርበው ነበር፣ ሲጋራ ያልቅበት ነበር፣ ይፈራም ነበር። እነዚህ ከፎቅ ወድቀው ሸሚዛቸው እንኳ አይጨማደድም። ወንድሜ ግን "ያው የኛው ሰውዬ ነው እትዬ፣ መኪና ቀይሮ ነው" ይለኛል እየሳቀ።

ባለፈው ሳምንት ከአኖ ወደ ቢላ የሚወስደው መንገድ ተኩስ ስላለበት አያስኬድም ተባለ። ሾፌሩ ሁሉ መኪናውን እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር አቁሞ ቁጭ አለ። ወንድሜ ግን እህል ጭኖ ወጣ። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ "እኔ የምሞት ይመስልሻል?" ብሎ በሩን ዘጋው።

ሁለት ቀን ስልኩ አልሠራም። ሚስቱ እኔ ቤት መጥታ ተቀመጠች። እንዳንተያይ መሬት መሬቱን እናያለን፤ እህል በአፋችን አልዞረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የመኪናውን ጡሩምባ ሰማን። ሚስቱ "ዋቀዮፍ ገለታ!" ብላ ፈጣሪዋን እያመሰገነች ሮጣ ወጣች። የእኔ ዓይን ግን መስታወቱ ላይ ቀረ። በሾፌሩ በኩል፣ ከራሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ጥይት በስቶታል።

"አየሽ? አላልኩሽም?" አለኝ።

ያኔ ዘረገፍኩት። "ስማኝ፤ ያ ሰውዬ ሞቷል። ድልድዩ ላይ ነው የቀረው። እያለቀስክ እንዳታድር ብዬ እኔ ነኝ የዋሸሁህ።"

ከት ብሎ ሳቀ። "ታዲያ በሚቀጥለው መጽሐፍ የመጣው ማን ነበር?"

እውነቱን ነው፤ ደራሲው መልሶ አምጥቶት ነበር።

"ሰኞ እንደገና ቢላ እሄዳለሁ" አለ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። "እናቷ እዚያ ታመውባታል፤ እሷንም ይዣት ነው የምሄደው።"

እምቢ እንድትለው ሚስቱን አየኋት። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ መሬት መሬቱን ስታይ የሰነበተችው ሴት የተበሳውን መስታወት በጣቷ እየነካካች ፈገግ አለች።

"ከእሱ ጋር ከሆንኩ ምን እሆናለሁ?" አለችኝ።

ነገ ሰኞ ነው።